«ይነሣ» የተባለው ቤት

ዛሬ ጎረቤቴ ግድግዳውን ኖራ ሲቀባ፣ ሽታው ሞጣ ከተቀመጥሁበት አንሥቶ ቢቸና አደረሰኝ። ያን ዓመት በመስከረም ሁላችንም ኖራ ኖራ ነበር የምንሸተው፤ ብታዩን በሳቅ ትሞቱ ነበር!

ያኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርሁ። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ታቦቱ ሲገባበት አሮጌው ባዶውን ቀረ። አሮጌው በጣልያን ጊዜ ለወደቁት የሰፈራችን ሰዎች መታሰቢያ የተሠራ ነው፤ ስማቸው በውስጥ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ከነሱ አንዱ አያቴ ናቸው። አባቴ በእናቱ ሆድ ሳለ ነው የሞቱት፤ መቃብር የላቸው፣ ፎቶ የላቸው፣ ያላቸው ያ ስም ብቻ። አባቴ ማንበብ ስለማይችል ቦታውን በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚያውቀው።

ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ግማሹ «ይፍረስ» አለ፤ እኛ ወጣቶቹ ደግሞ «ታድሶ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ይሁንልን» ብለን ሙጭጭ አልን። በመጨረሻ ነገሩ ለቅኔ መምህሩ፣ ለየኔታ ተሰጠ። የኔታ እንደ ልማዳቸው ባጭሩ «በቃ፣ ይነሣ!» ብለው ወጡ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርም ያችኑ ቃል በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። ያን ቀን አባቴ እራት አልበላም።

በማግስቱ ሰው ዶማውን ይዞ ሲመጣ፣ አባቴ ቀድሞ ገብቶ ጀርባውን የአያቴ ስም ላይ ለጥፎ ቆሟል።

«መጀመሪያ እኔን አፍርሱኝ!»

ማን ይንካው? ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን እያወዛወዘ «እኔ ምን ላድርግ? የኔታ ናቸው ያሉት!» ሲል፣ የኔታ በምርኩዛቸው ደረሱ።

«ምን አልሁ?»

«ይነሣ ብለዋል፣ የኔታ!»

«ታዲያስ! የወደቀ አይደል የሚነሣ? ይፍረስ የሚል ከአፌ ወጣ? ወይ እናንተ! ሰሙን ይዛችሁ ወርቁን ጣላችሁት።»

መጀመሪያም እንዲያ ማለታቸው ይሁን፣ ወይስ አባቴን አይተው አዝነውለት፣ እግዜር ይወቀው። ብቻ ሰዉ ሁሉ ሳቁን ለቀቀው።

ለማፍረስ በመጣው ዶማ አፈር ቆፈርን፤ ከጭድ ጋር እየዘመርን ረገጥነው። ሊቀ መንበሩ ሱሪውን ሰብስቦ ሲገባ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ፤ እልልታው! አሁን እዚያ ልጆች ለፈተና ያጠናሉ፤ ባለፈው ሄጄ መቀመጫ አጣሁ። እሰይ!

ስሞቹን ሳንነካ ዙሪያውን የቀባነው ኖራ ሲደርቅ የደበዘዙትን ስሞች የማድመቅ ሥራ የኔ ሆነ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ «እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ» አለ። አንድ በአንድ አነበብሁለት። የአያቴ ስም ላይ ደረስሁ። ዕድሜውን ሙሉ «ሟቹ» እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ አይቷቸው አያውቅማ። ያን ቀን ግን ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «አባዬ» አለ።

እንዳልሰማ ሆኜ ብሩሼን ቀለሙ ውስጥ ነከርሁ።