ባቡር የማይቆምባት ጣቢያ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ናይሮቢ ስገባ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ምዜ» ይላቸዋል፤ ሽማግሌው ለማለት ነው። ስዋሂሊ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በየማለዳው በረንዳቸው ላይ፣ ስሳሳት አንድ ቀን እንኳ ሳይስቁብኝ። ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ታክሲ መሥራት ስጀምር፣ «ለውለታዎ የት ልውሰድዎ?» አልኳቸው።

«ጣቢያዬን አሳየኝ» አሉ፣ ሳያቅማሙ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሞምባሳ መንገድ ወጣን። ከአስፋልቱ ተገንጥለን በአቧራ ስንሄድ አጫወቱኝ። ጣቢያቸው ያለባትን ትንሽ ከተማ የቆረቆራት ውኃ ነው። የእንፋሎቱ ባቡር እዚያ ቆሞ ውኃ ሲሞላ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ ይጠጣል፣ ሙዝ ይገዛል። በዚህ ሰበብ የህንዶች ሱቅ ተከፈተ፤ ዳቦ ቤትና ትምህርት ቤት ተከተለ። በናፍጣ የሚሠራው ባቡር ሲመጣ ግን፣ ውኃ ስለማይሞላ፣ የሚያቆመው ጉዳይ አልነበረውም። ሰዉም አንድ በአንድ ወደ ናይሮቢ ፈለሰ።

ስንደርስ የሱቆቹ ጣሪያ ተነቃቅሏል። የውኃው ታንከር ዝጓል። ምነው ምዜን ባላመጣኋቸው ብዬ ተጸጸትኩ።

የሚገርመው፣ ተሳፋሪ የሚወርድበት መደብ ተጠርጓል። አንዲት አሮጊት መጥረጊያ ይዘው ከጣቢያው ጀርባ ብቅ አሉ። ባላቸው ሐዲድ ይጠግን ነበር፤ እሱ ሲሞት እዚያው ቀሩ።

«እናቴ፣ ባቡር ለማይቆምበት ምን ያደክምዎታል?» አልኳቸው።

«ባይቆምም ያልፋል እኮ። ሰው በመስኮት ያየናል።»

ምዜ ማን እንደሆኑ ሲነግሯቸው፣ አሮጊቷ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ቆሟል።

«የጥንቱ የጣቢያ ሹም ተከለው ይሉኛል። እርስዎ ይሆኑ?»

ምዜ ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ልጄ የተወለደች ቀን የተከልኩት ነው። ደርቋል ብዬ ነበር።»

«በድርቁ ጊዜ ዕቃ ያጠብኩበትን ውኃ እያፈሰስኩለት ከረመ» አሉ አሮጊቷ፣ ቀላል ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ።

ምዜ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሷቸው። እንዲያ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምዜ እስኪያርፉ ድረስ፣ ማንጎ በደረሰ ቁጥር ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘን እንሄድ ነበር። እኔ መኪናዬን ጥላ ሥር አቁሜ ሁለቱ ሲጨዋወቱ እሰማለሁ። በሰው አገር ዘመድ የለኝም ብዬ ያማረርኩበት ጊዜ ነበር፤ እነዚያን እሁዶች ለሰጠኝ አምላክ ግን ምስጋናዬ አያልቅም።