ጭጋጊትና በመስኮቷ ሥር ያለው ረድፍ

ጭጋጊት የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። የመድኃኒት መርጫዋን አዝላ ወይኖቹ መሃል ስትገባ እሷ ትጠፋና ጭጋጉ ብቻ ይሄዳል። ጭጋጉ ሲያስነጥስ ከአጥሩ ማዶ «ይማርሽ!» ይሏታል።

ሥራውን የወረሰችው ከባሏ ነው። ባሏ ወይኑን በገዛ እጁ የተከለ፣ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚነሰንሰውን ሻጋታ እንደ ግል ጠላቱ የሚያይ ሰው ነበር። የሚምለውም በአንድ መድኃኒት ብቻ ነው። ሌላ መድኃኒት ይዞ የመጣ ነጋዴ ቢኖር፣ «ቀጥለህ ሚስቴንም ልትቀይርልኝ ነው?» ብሎ ያባርረዋል። ማታ ሲገባ አንገቱ ሥር ያ መድኃኒት ይሸታል፤ መረር ያለ፣ ቀለም ቀለም የሚል ሽታ። በሕይወት ሳለ አፍንጫዋን ይዛ «ሂድ ታጠብ ወዲያ!» ስትለው ኖራ፣ ሲሞት ከሁሉ አስቀድሞ የናፈቃት እሱ ሽታ ሆነ። ሰው የሚናፍቀውን አይመርጥ።

እሷም ያንኑ መድኃኒት ቀጠለች። መጀመሪያ ሻጋታው ይሰማ ነበር። ኋላ ግን ቁጣ እንደለመደ ልጅ ሆነ፤ ብትረጨው፣ ብታወፍርበት፣ ጭራሽ ባሰበት። ፍሬው ሳይበስል እየተሰነጠቀ ረገፈ። መሬቱን የሚጋራት የባሏ ወንድም፣ «ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ነቅዬ ድንች እተክላለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ባሏ የተከለው ወይን በድንች ሊተካ!

ያኔ ነው የእህቷን ልጅ የጠራችው። ልጅቷ የእፅዋት በሽታ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ቅጠል ወስዳ መርምራ መጣች።

«አክስቴ፣ መድኃኒቱን ለምዶታል። ግን በነፃ አልለመደውም። ጋሻ ተሸክሞ እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ ጦር ሲወረወር ጋሻው ያድነዋል፣ ጦሩ ሲቆም ግን ሸክም ይሆንበታል። ባዶ እጁን የሚሮጠው ጥሎት ይሄዳል። ሁሉም ሻጋታ እንዲህ አይደለም፤ የእናንተውን ሞክሬዋለሁ፣ የእናንተው እንዲህ ነው። መርጨቱን ተዪና በድኝ ያዢው። ጋሻ የሌለው ሻጋታ ቦታውን ይመልሳል፤ መድኃኒቱም አንድ ቀን ተመልሶ ይሠራልሻል።»

«ድኝ? ያ እንቁላል እንቁላል የሚሸተው?»

«እሱው።»

«አዬ ጉዴ! በስተርጅና ከግም እንቁላል ጋር ልደር!»

ሳቁ። ጭጋጊት ቃሏን ሰጠች፣ ድኙም ተነሰነሰ። ቅጠሉ ወዙ ተመለሰ፣ የባሏ ወንድምም ድንቹን ለጊዜው ዋጠው። አንድ ረድፍ ብቻ ነጭ እንደለበሰ ቀረ፤ በመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ያለው።

በዚሁ መሃል ጭጋጊት ወዳጅ ይዛለች የሚል ወሬ ተነሳ። ያስነሳው ወይን የሚከረክመው ጎረቤቷ ነው፤ ሬዲዮ ይሉታል፣ ማጥፊያ ስለሌለው። «በዓይኔ በብረቱ አየሁ! አመሻሽ ላይ ፊቷን ታጥባ፣ ንጹህ ሻሽ አስራ ወይኑ ውስጥ ትገባለች። ስትመለስ መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። ለነፋሻ አየር ነው እንዳትሉኝ፣ እኔ የትናንት ልጅ አይደለሁም!»

የእህቷ ልጅ ከየረድፉ እንደገና ቅጠል ወስዳ ነበርና ውጤቱን ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ የሌሎቹ ረድፎች ሻጋታ ላቦራቶሪ ውስጥ መድኃኒቱን ሲቀምስ አብዛኛው ሞተ። የመስኮትሽ ግን ተንደላቆ አደገ። እዚህ ጋ የሚረጭ ሰው አለ።»

«ሬዲዮ ነው የነገረሽ?»

«ሬዲዮማ ወዳጅ አላት ነው ያለኝ።»

«እውነቱን ነው» አለች ጭጋጊት መሬት መሬቱን እያየች። «ባሌ ነው።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ረጭቼ ስገባ፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤት ያመጣዋል። በሩ ጋ ጫማውን ሲያወልቅ የሰማሁት ይመስለኛል። ሌላ ምንም የለም። ትንሽ ናት የምረጫት።»

«ትንሹም ይበቃዋል እኮ፣ አክስቴ። ጋሻ ያዡን እዚህ ስትቀልቢው ነፋሱ ለሌላው ረድፍ ያድለዋል። የደከምንበት ሁሉ ገደል ሊገባ ነው። ወይኑም እሱ የተከለው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጠርሙሱን አስቀምጪው። ሲናፍቅሽ ከፍተሽ አሽትቺው።»

«ያልሞከርኩት መሰለሽ? ከጠርሙሱ የሚሸተኝ መድኃኒት ነው። ቅጠሉን ነክቶ፣ ፀሐይ የዋለበትን ግድግዳ ታክኮ ሲመጣ ነው እሱን የሚሆነው።»

ከአጥሩ ማዶ የሬዲዮ መቀስ ዝም ብሏል፤ ጆሮውን ጥሎ ነው መቼም።

«ካቆምኩ» አለች ጭጋጊት በመጨረሻ፣ «ያ ባለጋሻው ከዚህ ረድፍ ለመጥፋት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«አንድ ምርት፣ ቢበዛ ሁለት። ሙልጭ ብሎ እንኳ ላይጠፋ ይችላል፤ እየሳሳ ይሄዳል።»

«እየሳሳ» ብላ ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። «ይሁን። ባሌም እንዲያ እየሳሳ ይሂድ፤ በቶሎ አይሁን ብቻ።»

ድኙን በጣሳ ቀዳችና ከመስኮቷ ሥር ጀመረች። የእህቷ ልጅ ከኋላዋ ሆና እጇ ይሰስት እንደሆነ አየች። እጇ አልሰሰተም።