ኦቦ ባዳሳና ያልታየው ማሳ

ኦቦ ባዳሳ ሥራቸው መገመት ነበር። ባሌ ሮቤ ባለው የግብርና መሥሪያ ቤታችን ሃያ ስድስት ዓመት የስንዴና የገብስ ምርት ሲገምቱ ኖረዋል። እኔ ሠርከአዲስ ደግሞ አሥራ ስምንቱን ዓመት የእሳቸውን ቁጥር በኮምፒውተር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ስጽፍ ልበል እንጂ ስገሠጽ ብል ይቀላል። አንድ ቀን ሃያ ሰባት ነጥብ አራት ኩንታል ያሉትን ሃያ ሰባት ብዬ ባጠጋጋው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ መለሱና «ሠርኬ፣ ነጥብ አራቷን የት አደረስሻት? ገበሬው አብቅሏታል እኮ» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በልቤ እያማኋቸው አስተካከልኩት።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ማዕቀፍ አላቸው። ማሳው መሀል ይገቡና በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውሩታል። ከዚያ ማዕቀፉ ውስጥ የዋለውን ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ፣ ይመዝናሉ። ወደ ኋላ የሚወረውሩት ዓይናቸው ቦታ እንዳይመርጥ ነው። የአካባቢያችን የሲናና ገበሬ ደግሞ እጅ ይዞ ወደ ማለፊያው ጥግ መውሰድ ይወዳል፤ ዋግ የመታውን ጥግ ለእንግዳ ማን ያሳያል? ኦቦ ባዳሳ ታዲያ ፈገግ ብለው «እጄን ልቀቀኝ» ይሉና በሌላ በኩል ይገባሉ።

ከሁሉ የሚጠሉት ቅጹ ላይ «ያልታየ ማሳ» ብሎ መጻፍን ነበር። አንድ ክረምት መኪናው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ቢሰምጥ፣ አራት ሰዓት በእግራቸው ሄደው አንዲት ማሳ አይተው ተመልሰዋል። ሾፌሩ ይህን እስከ ዛሬ እያነሳ ይስቅባቸዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ቀኝ ጎናቸውን ያዝ ያዝ ማድረግ አበዙ። ሰውነታቸው ቀነሰ፣ ቀበቶአቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር አበጁ። ጎባ ሆስፒታል ታይተው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ልጆቻቸው በየአገሩ ሥራ ላይ ስለሆኑ ባለቤታቸው አደ ጂቱ እኔን ይዘው ሄዱ፤ አዲስ አበባ እኅት አለችኝ፣ የምናርፈው እሷ ቤት ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ እንደ ልማዳችን ሆነ። በሽተኛው ኮሪደር ላይ ይቀመጣል፣ ዘመድ ይገባል። ዶክተር መሳይ የምትባል ገና ወጣት ሐኪም ነገሩን በቀስታ ነገረችን፤ የጉበት ካንሰር ነው። ለቀዶ ሕክምና አይመችም፤ በጨረር ግን ሊያዝ ይችላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ።

«ከዚያስ ምን ያህል ይኖራል?» አሉ አደ ጂቱ።

«እንደ እሳቸው ያሉ መቶ ሰዎች በጨረር ቢታከሙ፣ ሃምሳ ያህሉ ዓመቱን ያልፋሉ» አለች። «እሳቸው ራሳቸው ቢሰሙት ደስ ይለኛል።»

አደ ጂቱ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ከሰማ በድንጋጤ ይሞታል አሉ። ወጣንና ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ትንሽ የጉበት ቁስል ነው፤ በጨረር ይደርቃል ብላለች» አልኳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ግን በሽታውን ከራሱ ከበሽተኛው ደበቅን።

ኦቦ ባዳሳ እኔንም ሚስታቸውንም ተራ በተራ አዩን። በማግስቱ ለመጀመሪያው ጨረር ስማቸው ሲጠራ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ኮታቸውንም አላወለቁም።

«ሠርኬ፣ እጄን ልቀቂኝ» አሉ።

እጃቸውን አልያዝኩም ነበር። ፊቴ በአንድ ጊዜ ጋለ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ማለፊያው ጥግ ሲወስዱኝ ኖሬያለሁ፤ የሚወስደኝን ሰው ፊት አውቀዋለሁ። የራሴ የመኸር ስንዴ ሳይታጨድ ማሳው ላይ ቆሟል። ሁለቱን ሳምንት እዚህ ልተኛ ወይስ ቤቴ ልግባ፣ የምወስነው ቁጥሩን ስሰማ ነው።»

አደ ጂቱ እንባቸው መጣ። «ኢቲ ሂሚ» አሉኝ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው፤ ንገሪው ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። ካንሰር መሆኑን ተናገርኩ፤ ከመቶው ሃምሳው ዓመቱን ያልፋሉ መባሉንም።

ይወድቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ሐኪሟ ቁጥሩን ከየት አመጣችው?» አሉና ራሳቸው የዶክተር መሳይን በር አንኳኩተው ገቡ። እኛም ተከተልን፤ በዚህኛው ዙር ኮሪደር ላይ የቀረ የለም።

«ልጄ፣ ይህን ቁጥር ምን ለክተሽ አገኘሽው?»

ዶክተር መሳይ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወረቀት ሳበች። እጢው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ወደ ትልቁ የደም ሥር ገብቶ እንደሆነ፣ ጉበቱ የቀረውን ጉልበት የሚናገሩ ሁለት የደም ቁጥሮች፣ ደግሞም በሽተኛው ያለ ደጋፊ መሄድ አለመሄዱን እየጻፈች አሳየቻቸው።

«መሄዱንስ እሄዳለሁ» አሉ። «እኔ ታዲያ ከየትኞቹ ሃምሳዎች ነኝ?»

«እሱን አላውቅም።»

ኦቦ ባዳሳ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ ብትዪ ኖሮ ተነሥቼ እሄድ ነበር። ግምት ለማሳ ነው፤ ለአንድ ዛላ አይሆንም። መቶዎቹ የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

«አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።»

«ከባሌስ?»

መዝገቧን ገለጠች፤ አፈረች መሰለኝ። «አራት ሰው አክመናል። ጨርሰው ሄዱ፣ ከዚያ አልተመለሱም፣ ስልካቸውም አይሠራም። ይኑሩ ይሙቱ አናውቅም።»

«ያልታየ ማሳ» አሉ ኦቦ ባዳሳ፤ አንድ ሰው የሰደባቸው ያህል ከፍቷቸው ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ለአደ ጂቱ ሰጡ። «እኔ አልጠፋብሽም፤ ጻፊኝ። ማሽኑ የት ነው?»

አምስቱንም ጊዜ ተኙ። ትንፋሽ ይያዙ ሲሏቸው ይይዙ ነበር፣ ይልቀቁ ሲሏቸው ይለቁ ነበር። ያቅለሸልሻቸው ነበር፤ ድካሙም ጣላቸው። ሮቤ ስንመለስ ስንዴው አልረገፈም፤ ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነሩ ሲያጭድ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ኮምባይነሩ እህል ያራግፋል እያሉ ኦፕሬተሩን ሲያስጨንቁ ዋሉ።

ከዚያ በየሦስት ወሩ ቀጠሮ ነበር። ብዙዎቻችን ሻል ሲለን ቀጠሮ እንረሳለን፣ ሲብስብን ደግሞ ምን ዋጋ አለው እንላለን። እሳቸው ሻል ሲላቸውም ሄዱ፣ ሲብስባቸውም ሄዱ። አንድ ጊዜ አውቶቡሱ መንገድ ላይ አዳባ ቢበላሽ ድንች በጫነ አይሱዙ ተሳፍረው ቀጠሯቸው ላይ ደረሱ። በመጀመሪያው ክትትል እጢው ማደጉን አቁሞ፣ የደም ቁጥሩ ተሻሽሎ ተገኘ። ዶክተር መሳይ ግምቷን ከፍ አደረገችው። ኦቦ ባዳሳን ያስደሰታቸው መትረፋቸው ይሁን ግምቱ መከለሱ አልገባኝም፤ «ይህቺ ልጅ ሥራ ታውቃለች» ሲሉ ሰነበቱ።

እኛ ዘንድ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። የበልጉን አጨዱ፣ የሚቀጥለውን መኸርም አጨዱ። ዓመቱ ሲሞላ ቢሮ መጥተው «ከማለፊያዎቹ ሃምሳዎች ሆንኩ» አሉኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ሳቄን ስጨርስ አለቀስኩ።

በመጨረሻው ቀጠሮ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሆዳቸው ውኃ ይዞ ነበር፤ ከመኪና ወርደው በሩ ድረስ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ዐረፉ። ደግፈናቸው እንዳንገባ ከለከሉን። «በእግሬ መምጣቴን ትጻፍ» አሉ። በመንገድ ስንመለስ የዶክተሯን ስልክ ቁጥር በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። «ቀሪዋን ቁጥር አንቺ ታደርሻለሽ። ግን አደራ፣ ሠርኬ።» ምን ለማለት እንደፈለጉ አውቄ ነበርና በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ግንቦት ላይ ዐረፉ። አራት ቀን ለቅሶ ቤት ዋልኩ፤ ስልኩን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ብደውል ያበቃ መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን አደ ጂቱ ራሳቸው «ደወልሽላት?» አሉኝ። ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ።

ዶክተር መሳይ ድምፄን ለየችው። ከዚያ መዝገብ ስትገልጥ ይሰማኛል። ማረፋቸውን ነግሬያት ቀኑ ላይ ስደርስ እንባዬ ቀደመኝ፤ እሷም አዘነችልኝ።

«ግድ የለም፣ እትዬ ሠርኬ፣ ራስሽን አታስጨንቂ» አለች። «ግንቦት አጋማሽ ብዬ ልጻፈው?»

«አይሆንም» አልኳት። አፍንጫዬን ጠረግኩ። «ግንቦት አሥራ አራት፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ሩቧንም ጻፊያት።»