በእሱ ስም ሲገባ የሚነሱት

እስካሁን ያናድደኛል። የመጨረሻው ቀን ጠዋት የተጣላነው በኳስ ጨዋታ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከሚሴ ላይ፣ ከቤታችን አጠገብ፣ ማመልከቻ የሚጻፍበትና ኮፒ የሚደረግበት ሱቅ ነበረው። ኮምፒውተሩ አንድ ነው። እሱ በራሱ ስም ይገባል፣ እኔ በራሴ። በእሱ ስም ሲገባ የመጻፊያው ፕሮግራም ማንም ሳይነካው ይነሳል፤ ከዚያ የሶላት ሰዓት የሚያስታውሰው ይነሳል። በእኔ ስም ሲገባ የሚነሳው የትየባ መለማመጃ ብቻ ነው። እሱ ነው እንዲህ ያደረገው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እንደ ሕፃን ፊደል ልቁጠር?

ስለዚህ አንድ የኮምፒውተር ኳስ ጨዋታ በእኔ ስም ስገባ እንዲነሳልኝ አስገባሁ። ተሳሳትኩ። ያስገባሁት ለሁሉም ሰው የሚነሱት ፕሮግራሞች ከሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ነበር። ጠዋት ወንድሜ ከጨፋ የመጡ ሽማግሌ ፊት ማሽኑን ሲከፍት ስታዲየሙ ጮኸ።

ሽማግሌው ሳቁ። "አብሽር ልጄ! ለመሆኑ ማን እየመራ ነው?"

ወንድሜ አልሳቀም። ጨዋታውን አጠፋው። የሚነሳልኝን እንዳልቀይርም አካውንቴን ቆለፈው።

"ወላሂ፣ ጣትህን ሳታይ መጻፍ እስክትችል ሌላ ነገር አይነሳልህም።"

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ደግሞ በኦሮምኛ "ካኢ!" አለኝ። ተነስ። ሰው ፊት!

ቀትር ላይ ወረቀት ሊያመጣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወጣ ፓስወርዱን ነገረኝ። "ሰው ከመጣ በእኔ ስም ገብተህ ጻፍለት።" ደህና ግባ እንኳ አላልኩም።

ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። አመሻሽ ላይ ሬሳውን አመጡት። ሹፌሩ ቸኩሎ ነበር አሉ። ማንን ሊቀድም?

በማግስቱ ጠዋት ሊያጥቡት ውሃ ሲያቀርቡ የሱቁን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ያን መለማመጃ ማጥፋት።

"ወዴት ነው አንተ? ወንድምህን አታጥብም?" አለ አጎቴ። መንገዴን ቀጠልኩ።

ሱቁን ከፍቼ፣ የተቆለፈውን አካውንቴን ልፈታ በእሱ ስም ገባሁ። መጻፊያው ተነሳ። የሶላቱም ተነሳ። በየተራቸው፣ እንደ ትናንቱ። እሱ የለም፣ እነሱ ይነሳሉ! ስክሪኑን ልመታ እጄን ሰነዘርኩ። መለስኩት። የሚነሱትን ዝርዝር ከፍቼ ሁለቱም እንዳይነሱ አደረግኩ።

አካውንቴንም ፈታሁ። አሁን ማን ይከለክለኛል? በራሴ ስም ስገባ መለማመጃው መጣ። እሱንም ላጠፋ ነበር። ተውኩት። እየተናደድኩ፣ ጣቴን እያየሁ፣ አንድ መስመር ተየብኩ። ካኢ የሚለኝ አልነበረም። ራሴ ተነስቼ ሮጥኩ።

ገና እያጠቡት ነበር። ጆኩን ከአጎቴ እጅ ነጥቄ እግሩ ላይ ውሃ አፈሰስኩ።