በኢዳዬ ያላቋረጥኩት ጠብታ

ባለቤቴ የሞተው ግላኮማ በሚባል የዓይን ግፊት ምክንያት ዓይኔ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ሰሞን ነው። ሐኪሟ ዓይኔ ላይ የከፈተችው ቀጭን የፈሳሽ መውጫ በጠባሳ እንዳይደፈን ጠብታውን እንዳላቋርጥ አስጠንቅቃኛለች። እስኪሞት ድረስ የሚጨምርልኝ እሱ ነበር።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ቤታችን ውስጥ፣ ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት ኩል በማትነካበት በኢዳዬ ጊዜ፣ ለቀስተኛው መሐል አንጋጥጬ ብልቃጡን ሳነሳ የባሌ እህት እጄን ያዘችኝ።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ዓይንሽን ልትኳዪ?»

«መድኃኒት ነው፤ ልቀቂኝ።»

«እንባሽ ይበቃዋል፣ እቴ!»

«እንባ ጠባሳ አይከለክልም። ወንድምሽ ስለሞተ እኔ አልታወርም!»

እጄን አስለቅቄ ጠብታውን ጨመርኩ፤ ራሴ መጨመር ስላለመድኩ ግማሹ ጉንጬ ላይ ፈሰሰ። ደገምኩት። ከዚያ ፊደሉ ቢደበዝዝብኝም ቁርኣኑን ገልጬ፣ እሷው አጠገብ ተቀምጬ ለሟች የሚቀራውን የያሲን ምዕራፍ ለባሌ ቀራሁለት።