ከሀጅ ኢድሪስ ጌም ላይ ያወጣሁት ባትሪ

ሥራ የጀመርሁት ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። አሠሪዬ ጋሼ ደምሴ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ካቻቢቴ ሰጡኝና ከኮኪት እርሻ የመጣ አንድ ሬዲዮ ፊቴ አስቀምጠው «ክፈተው» አሉኝ። ስከፍተው ድንጋዮቹ ሟሙተው አረንጓዴ ዝቃጭ ሆነዋል፤ ሽቦውንም በልተውታል። በእኛ አካባቢ ድንጋይ የምንለው ባትሪውን ነው።

«አየህ፣» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ «ይኸ ሬዲዮ የአረም ወቅቱን ሙሉ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ነው የከረመ። በዚህ ሙቀት ድንጋይ ውስጡ ትተህ ዕቃ አይቀመጥም። ዕቃ ሲገባ መጀመሪያ ድንጋዩን አውጣ። ሰላምታው ይደርሳል።»

ሁለት ዓመት አቧራ ጠራጊ፣ አራት ዓመት ረዳት ሆኜ ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። ከዚያ መተማ ወርጄ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። ሬዲዮ ጠገንሁ፣ ቴሌቪዥን ጠገንሁ፣ የትራክተር ገመድ ቀጠልሁ። የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ድምፅ ማጉያ የምጠግን እኔ ነበርሁ፤ ሁለቱም የራሳቸውን ከፍ አድርግልን እንጂ የሌላውን ዝቅ አድርግ ብለውኝ አያውቁም። በዚያ ሁሉ ዘመን የጋሼ ደምሴን ሕግ አንድም ቀን አልጣስሁም። አንድ ቀን ጥሼው ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አልነበረም።

ሀጅ ኢድሪስ የመተማ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ካርቱም ገብተው፣ ጌም ቤት ከፍተው፣ እዚያው ሸመገሉ። ጦርነቱ ሲነሣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘሃራ ጋር ተመለሱ። በተሳፈሩበት አይሱዙ ላይ የተረፈው ቦታ ለአንድ ትልቅ ዕቃ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ዘሃራ ፍሪጁ ይጫን አሉ። ሀጅ ኢድሪስ ጌሙ ይጫን አሉ። የተጫነው ጌሙ ነው።

ጌሙ ሰው የሚያህል የእንጨት ሳጥን ነው። ሆዱ ውስጥ ጀርባው የወፈረ የድሮ ቴሌቪዥን አለ፤ ከፊቱ ሁለት ዘንግና አሥራ ሁለት ቁልፍ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሁለት ሰዎች ያደባድባል። ኬላ ላይ ምን ብለው እንደሚጽፉት ቸግሯቸው «ቁም ሳጥን ከነቴሌቪዥኑ» ብለው እንዳሳለፉት ሀጅ ኢድሪስ አጫውተውኛል።

ባልና ሚስቱ ከሱቄ ጀርባ ያለውን ቤት ተከራዩ። በእነሱና በእኔ መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ቆርቆሮ ነው።

«ጌታቸው፣» አሉኝ ሀጅ ኢድሪስ ሳጥኑን ሱቄ ሲያስገቡ፣ «የሰሊጡ አጨዳ ሳይደርስ አስነሣልኝ። የቀን ሠራተኛው ሲገባ እንጀራችን ይኸ ነው። ሌላ ምንም ይዘን አልወጣንም።»

ከጎማ ጠጋኙ ጎረቤቴ ኮምፕረሰር ተውሼ አቧራውን ነፋሁት። የሁለት አገር አቧራ ወጣ። የቴሌቪዥኑ መስተዋት መብራት ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይይዛልና ካቻቢቴ በሽቦ አስሬ ወደ ብረቱ አፈሰስሁት። ይህን የረሳ ጠጋኝ ሁለተኛ አይረሳም። የከተማችን መብራት እንዳሻው ከፍና ዝቅ ስለሚል በስታቢላይዘር አሳለፍሁት። የጌሙ አንጎል የሆነው ቦርድ የሚፈልገው አምስት ቮልት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ስለካው አምስት ነው፤ ቦርዱ ጫፍ ላይ ስለካው ግን ጎድሏል፤ ያረጀው ሽቦ መንገድ ላይ ይበላዋል። ትንሿን ማስተካከያ በጥቂቱ አዙሬ ሞላሁለት።

ስናበራው ምስሉ መጣ፤ አንዱ ጥግ ግን ማግኔት ይዞት ሐምራዊ ሆኗል። የመዳብ ሽቦ ጠቅልዬ፣ መብራት ሰጥቼ፣ ስክሪኑ ፊት በዝግታ አዞርሁና እያራቅሁ ወሰድሁት። ሐምራዊው ለቀቀ። ሀጅ ኢድሪስ ዘንጉን ያዙ። ሰዎቹ ይማታሉ፤ አይራገጡም።

«ወላሂ፣ እግራቸውን ካርቱም ረስተው ነው የመጡ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ተጫዋች ስድስት ቁልፍ አለው፤ የላይኞቹ ሦስቱ የቡጢ፣ የታችኞቹ ሦስቱ የእርግጫ ናቸው። የቡጢው ሽቦ በዋናው ማገናኛ ይገባል። የእርግጫው ግን ለብቻው በሌላ ቀጭን ገመድ ነው የሚሄድ፤ ያ ገመድ መንገድ ላይ ተበጥሷል። አዲስ ገመድ ዘርግቼ እያንዳንዱን ጫፍ በቴስተር እየፈተሽሁ በየድሁት። በሁለተኛው ቀን መራገጥ ጀመሩ። ሀጅ ኢድሪስ እኔን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዘርረውኝ እንደ ልጅ ሳቁ። ወይዘሮ ዘሃራ በር ላይ ቆመው አዩንና «ፍሪጅ ቢሆን ውሃ ያቀዘቅዝ ነበር» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሀጅ ኢድሪስ ለጁምዓ ሲነሡ «የቦርዱን መያዣ ክፈትና አቧራውን ብቻ አራግፍ። ሌላውን ስመለስ አብረን እናየዋለን» አሉኝ። እሺ አልሁ።

ከፈትሁት። ጥጉ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ባትሪ ተበይዳ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ነጭ ነገር ጀማምሯታል። እጄ እኔን አላማከረኝም። መበየጃውን አሞቅሁ፣ ሁለቱን እግሮቿን አላቀቅሁ፣ ባትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኋት። እንደ ጥሩ ሠራተኛም ደስ አለኝ። አቧራውን አራግፌ ቦርዱን መልሼ ስሰካው ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነ። ሰዎቹ የሉም፣ ሜዳው የለም፣ ሙዚቃው የለም። ማገናኛውን ነቅዬ ሰካሁት። ቮልቱን ለካሁ፤ አምስት ነው። ባትሪዋን መልሼ በየድኋት። ሰማያዊ። ከመስጊዱ ሰው መውጣት ጀመረ።

ሀጅ ኢድሪስ ገብተው ስክሪኑን አዩ። «ምን ሆነ?»

«እንጃ። መንገዱ ጎድቶት ይሆናል» አልሁ።

ጎንበስ ብለው ቦርዱን አዩ። ባትሪዋ በቦታዋ አለች። ከዚያ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ባትሪዋ ሞታ ነው» አሉ። «አንተ አታውቀውም፤ ይህች እንደ ሌላው ባትሪ አይደለችም። የጌሙን የምስጢር ቁልፍ የያዘች እሷ ናት። ለአፍታ እንኳ ከተለየችው ቦርዱ ራሱን ይረሳል፤ ኋላ ሌላ ብታስገባለትም አይመለስ። ካርቱም ሳለሁ አዋቂ ጠርቼ ላስለውጣት፣ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔው ነው።»

ምን እንዳጠፋሁ የነገሩኝ ያጠፋሁባቸው ሰው ናቸው፤ ነግረውኝም ጥፋቱን ለራሳቸው ወሰዱት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልሁ። በሙያዬ ብዙ ዕቃ አቃጥያለሁ፤ የማፍረው ግን በዚያ ዝምታ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀትር በኋላ፣ የእንስራው ውሃ ሲሞቅ፣ ወይዘሮ ዘሃራ ይጀምራሉ። «ፍሪጄን አስጥለህ ሬሳ አስጫንኸኝ። ባትሪ መለወጥ ያቃተው ሰው ቤት ሊመራ!» ሁሉም በቆርቆሮው አልፎ ይደርሰኛል። የሀጅ ኢድሪስ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማአሌሽ ዘሃራ፣ ይቅር በይኝ፣ ቸል ብዬ ነው።» እኔ በዚህ በኩል የሰው ሬዲዮ ከፍቼ እሠራለሁ። አንዳንዴ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።

ጎንደር ሙሉጌታ የሚባል የሙያ ባልደረባ አለኝ፤ ከእኔ የተሻለ ያነብባል። አልደወልሁለትም። ብደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ባትሪዋን ምን አደረግሃት?» ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን አናጺ መጣ። ወይዘሮ ዘሃራ ሳጥኑ የዕቃ መደርደሪያ ይሁንልኝ ብለዋል፤ ሀጅ ኢድሪስም እምቢ የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። አናጺው በሜትር ለክቶ ጎኑ ላይ በእርሳስ መስመር አሰመረ። ሀጅ ኢድሪስ የአንደኛውን ተጫዋች ዘንግ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ። መጋዙ ከቦርሳ ወጣ።

«ቁም» አልሁት አናጺውን። ከዚያ ወደ ሀጅ ኢድሪስ ዞርሁ። «ባትሪዋ አልሞተችም። ጁምዓ ሄደው ሳሉ ያወጣኋት እኔ ነኝ። እርስዎ ያዩዋት መልሼ በይጃት ነው።»

አናጺው መጋዙን አየ። ወይዘሮ ዘሃራ ባላቸውን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌታቸው፣ እኔ ስምንት ቀን ባሌን ስሰድብ ትሰማ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ አሁን ምን ላድርገው?»

ሀጅ ኢድሪስ ቀስ ብለው «ለምን አወጣሃት?» አሉኝ።

«ነጭ ጀምሯት ነበር። እኛ ድንጋይ ውስጡ ትተን ዕቃ አንሠራም፤ አሠሪዬ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው።»

«ደግ። ማውጣቱን አሠሪህ አስተማረህ። መዋሸቱንስ ማን አስተማረህ?»

ሀጅ ኢድሪስ አናጺውን አሰናበቱት።

ያኔውኑ ለሙሉጌታ ደወልሁ። «ባትሪዋን ምን አደረግሃት?» አለኝ። ነገርሁት። ሲስቅ ቆየና ድሮ ቢሆን አበቃለት ነበር አለኝ፤ አሁን ግን እነዚህን ቦርዶች የሚወዱ ሰዎች የየጌሙን የምስጢር ቁልፍ ፈልገው አግኝተው ለሁሉም ክፍት አድርገውታል። ቁልፉ በትንሽ ካርድ ላይ ይጫናል፤ ካርዱ በአምስት ሽቦ ከቦርዱ ጋር ይያያዝና መልሶ ይጽፍለታል። «በዚያው ቀን ብትደውል በዚያው ሳምንት ያበቃ ነበር፣ አንተ ሰው» አለኝ። ካርዱን ጭኖ በማግስቱ በአውቶቡስ ላከው።

ነጩን በአልኮል ጠረግሁ። ከካርዱ ጋር የመጣችውን አዲስ ባትሪ በየድሁ። አምስቱን ሽቦ አያያዝሁና ቁልፉን ጻፍሁ። አበራሁት፤ ሰማያዊ። ላቤ ቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ ኋላ አልሁ። አምስቱን ሽቦ አንድ በአንድ ስነካካ ሦስተኛው ተነቃነቀ፤ የብየዳው እርሳስ በቅጡ አልያዘውም። ደግሜ በይጄ ደግሜ ጻፍሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ፊደል መጣ፣ ሙዚቃው ተነሣ። ሀጅ ኢድሪስ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሽማግሌ ሰው በጌም ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም አለቀስሁ፤ የመበየጃው ጭስ ነው አልሁ።

አሁንም ዋሸሁ ማለት ነው። ወዲያው አረምሁት።

ሀጅ ኢድሪስ ሊሞክሩት ወደ ዘንጉ ሲጠጉ ወይዘሮ ዘሃራ በክንዳቸው ገፋ አደረጓቸው። «ቆይ። መጀመሪያ እኔ ከጌታቸው ጋር ነኝ» አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ከዚያ በፊት ነክተውት አያውቁም፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ግድም አልነበራቸው፤ ስድስቱንም በመዳፋቸው ይመታሉ። የእኔ ሰው ቡጢውንም እርግጫውንም ቆሞ ተቀበለ። ስምንት ዙር ተጫወትን። በስምንቱም አንድ ቁልፍ አልነካሁም።

«በቃ» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «አሁን ሻይ ላፍላ።»

የቀን ሠራተኛው ለአጨዳ ሲገባ ሳጥኑ በራቸው ላይ ቆሞ ጠበቀው። ጎኑ ላይ ያለውን የአናጺውን የእርሳስ መስመር እንዳላጠፋው ሀጅ ኢድሪስ ከልክለውኛል። ሱቁን ከለቀቅሁ ወዲህም በዚያ ሳልፍ አየዋለሁ።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ባትሪ ከማውጣታችሁ በፊት ምን እንደያዘ ባለቤቱን ጠይቁ። ያለ ጥያቄ ካወጣችሁም ያንኑ ዕለት ተናገሩ። ቦርዱን ለማዳን ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ለመናገር ስምንት።