የኮልፌው ካፒቴን

ኮልፌ ባሕር የላትም። ያላት በክረምት የሚቆጣ፣ በበጋ አሮጌ ጫማ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። ካፒቴን ግን ነበረን።

ስሙ መሸሻ ነው። አብረን ስለሸበትን አንቱታውን እተወዋለሁ እንጂ ሰፈሩ «ካፒቴን» የሚለው ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። በወጣትነቱ፣ በእንግሊዝ ጊዜ፣ አራት ዓመት ምጽዋ ወደብ ቆይቷል። ምን ይሠራ እንደነበር ማንም አጥብቆ አልጠየቀውም። ነጭ ቆብ አድርጎ መጣ፣ ስለ ማዕበል አወራ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ሲደረድር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ማዕረጉ ግን ጡረታ አልወጣም። በዕድራችን የፊት ወንበር የእሱ ነው። ወንዙ ሲሞላ «ካፒቴን፣ ይሻገሩታል?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋም እሱን ነበር የምንጠይቀው። ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ «ነገ ይመጣል» ይለናል፣ እኛም ባልዲያችንን ይዘን እንመለሳለን።

በኮልፌ ምድር «ካፒቴን» ብላው የማታውቅ አንዲት ሴት ብትኖር ሚስቱ ብርቅዬ ናት። የዘጌ ልጅ ናት፣ ነገር የማታበዛ። እሷ «መሸሻ» ነው የምትለው።

የ1963 አዲስ ዓመት ዓርብ ዋለ። ዓርብ ጾም ስለሆነ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ሁሉ ለቅዳሜ ተላለፈ። እኛም ሽሮ በልተን እንኳን አደረሳችሁ ልንል እነመሸሻ ቤት ተሰብስበናል። ብርቅዬ ድንገት አፏን ከፈተች።

«መሸሻ፣ ዶሮውን ይዘን ነገ ደብረ ዘይት ብንሄድስ? ሐይቅ ካየሁ ስንት ዘመኔ። አንተም በጀልባ ታንሸራሽረኛለህ።»

የዕድራችን ዳኛ ገረሱ ጭኑን በጥፊ መታ። «ካፒቴን ወደ ውሃቸው ሊመለሱ ነው!»

መሸሻን ሳል ያዘው። ጭቃው ገና ነው፣ ብርዱ ለጉልበት አይሆንም፣ ጡረተኛ የምን ዕረፍት ያስፈልገዋል አለ። ማን ሰምቶት! ከሃያ ዓመት በላይ የኖረበት ስም ሐይቅ ዳር ሊፈተን ነው፤ እምቢ ቢልም ስሙ መውደቁ አይቀርም። ሄደ።

ቅዳሜ ወጡን በድስት፣ ድስቱን በፎጣ ቋጥረው፣ እሱም ነጩን ቆብ ደፍቶ በባቡር ወረዱ። መሸሻ ጀልባዎቹን ገና ከሩቅ ሲያያቸው የእግር ጉዞ ለጤና ያለውን ጥቅም ማስረዳት ጀመረ። ሚስቱን የሐይቁን ዳርቻ ሁለት ጊዜ አዞራት። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ብርቅዬ ጫማዋን አውልቃ ሣር ላይ ተቀመጠች። «ነገ ጀልባ» አለች። ቤርጎ አደሩ።

እሁድ ጠዋት ጀልባ አከራዩ ሰይፈዲን ነጩን ቆብ አይቶ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ሁለቱን መቅዘፊያ አስረከበ። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይነገራል? መሸሻ ቀዘፈ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ቀዘፈ። ዳር ላይ ያለው ሾላ ግን ፈቀቅ አላለም።

«ነፋሱ ወደኛ ነው» አለ።

ሰይፈዲን መጥቶ ጀልባው ከግንዱ ጋር የታሰረበትን ገመድ ፈታ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እርስዎ የሚፈቱት መስሎኝ ነው።»

ገመዱ ሲፈታ ባሰ። ጀልባው እንደ እንዝርት እየሾረ ወደ መሀል ሄደ። እውነተኛው ነፋስ ያን ጊዜ ተነሳ፣ ቆቡንም አንስቶ ውሃው ላይ ጣለው። መሸሻ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ብርቅዬ፣ እኔ... ምጽዋ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ነበር የምቆጥረው። ዋናም አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ታንኳ ወደ ቀኝ እንዲዞር በቀኝ በኩል ይቀዘፋል ብለህ ለአባቴ ያስረዳኸው ዕለት። አባዬ ጓሮ ሄዶ ነው የሳቀው።»

አንዱን መቅዘፊያ ተቀበለችው። እንደ አገሯ ልጆች ከኋላ ተንበርክካ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየዛቀች፣ በልጅነቷ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ቡና ታሻግር እንደነበረው፣ ባሏን ዳር አደረሰችው። ሰይፈዲን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከጀልባው ሲወርዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «መጋዘኑን አታንሳ፣ እኔም አላነሳም። የቀዘፍኩት እኔ መሆኔን ግን ኮልፌ ስንገባ ተናገርልኝ። እዚያ ሰፈር እኔም አንድ ነገር እንደምችል የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሚካኤልን ብሎ ማለላት።

ያን ዕለት ከሰዓት የዕድር ስብሰባ ነበር፤ ከባቡር ወርደው በቀጥታ መጡ። ገረሱ «ካፒቴን፣ እንዴት ነበር?» አለ። መሸሻ ተነሳ። ሐቁን ልናገርለት፣ ተናግሯል።

«የቀዘፈችው ብርቅዬ ናት» አለ።

ሁላችንም ዞረን ብርቅዬን አየናት። ከዚያ ገረሱ ተነሳ። «ይኸውላችሁ! በሁለት ቀን ሚስታቸውን ቀዛፊ አደረጓት! አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«የለም፣ እኔ አልችልም...» አለ መሸሻ።

«ትሕትናቸው!» አሉ ከኋላ። ለጠፋው ቆብ ዕድሩ ምትክ እንዲገዛ እዚያው ተወሰነ። ሦስተኛ ጊዜ ቢናገር ኖሮ ምናልባት እንሰማው ነበር። እሱ ግን ዙሪያውን አየ፣ ጢሙን ዳሰሰ፣ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ብርቅዬ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታየው ነበር።

እኔም አጨብጭቤያለሁ። ይባስ ብሎ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝና «ካፒቴን መሸሻ ባለቤታቸውን ቀዘፋ ስላስተማሩ ምስጋና ቀረበ» ብዬ በቃለ ጉባኤው ጽፌያለሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እውነቱን የሰማሁት በማግስቱ ነው፤ ብርቅዬ ለባለቤቴ ለሰርኬ ሁሉንም አጫወተቻት፣ መጋዘኑንም ሳይቀር።

በስብሰባው ዕለት ማታ ቤታቸው ሲገቡ ብርቅዬ አልጮኸች፣ አላለቀሰች። የተረፈውን ዶሮ አሞቀች፣ እጁን አስታጠበችው፣ ትሪውን ፊቱ አደረገች።

«ካፒቴን፣ እራትዎ ቀርቧል» አለችው።

መሸሻ እጁ እንጀራው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በስሙ ጠርታው አታውቅም።